ያገለገለ ታጣፊ ስልክ ስትገዙ ባትሪውን እንዲህ ፈትሹ

ሻጩ ጋላክሲ ዜድ ፎልድ 5ን 100% ሞልቶ ቢያሳያችሁ ስለ ባትሪው ምንም አይነግራችሁም። አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ትልቁን ስክሪን ዘርጉና ዳውንሎድ የተደረገ ቪዲዮ ለአንድ ሰዓት አጫውቱ። ስንት ፐርሰንት እንደበላ ጻፉ። በውጪው ስክሪን ብቻ መሞከር ያሳስታል፤ ብዙ የሚበላው ሰፊው የውስጡ ነው።

ቻርጁን ደግሞ ባትሪው ዝቅ ሲል፣ በትክክለኛ 25 ዋት ቻርጀር ሞክሩ። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ውስጥ ከባዶ ወደ 50% መጠጋት አለበት። ከ80% በላይ ከሆነ አትሞክሩት፤ እዚያ ላይ ማንኛውም ስልክ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

አደራ፣ ባትሪው በሁለቱም ግማሽ ውስጥ ስላለ ሁለቱንም ጀርባ እዩ። አንዱ ካበጠ ቻርጅ ላይ አትሰኩት።