ባትሪ ከመቀየርዎ በፊት በቴስተር ይለኩ

መኪናው ጠዋት ጠዋት አልነሳ ካለ ጥፋቱን ሁሉ ባትሪው ላይ አይጣሉ። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉና መኪናው አድሮ፣ ገና ሳይነሳ ባትሪውን ይለኩ። 12.6 ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ስለሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ።

ቀጥሎ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞ ደህና መሆኑን ለማየት፣ ሞተሩን አስነስተው እዚያው ባትሪው ላይ ይለኩ። በአብዛኛው መኪና ከ13.8 እስከ 14.5 ያሳያል፤ መብራትና ማራገቢያ ሲበራም ከ13.5 ባይወርድ ይመረጣል። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፣ ባትሪውን አፍልቶ ይጨርሰዋል።

ቮልቱ ካነሰም ዲናሞ ለመግዛት አይቸኩሉ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ እንዳይሆን ይዩ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ እንደበራ፣ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ከዲናሞው ኋላ ባለው የወፍራሙ ሽቦ ብሎን ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ የላላ ብሎን ወይም የዛገ ሽቦ ይፈልጉ። በማሳ (በኔጌቲቭ) በኩልም ከዲናሞው አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ተርሚናሉ ላይ የተጋገረው ነጭ ዱቄት ነው፤ ሞተሩን አጥፍተው፣ ሽቦውን ፈትተው በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ይጠቡት።

አደራ፣ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚባለውን ሙከራ ማንም መኪናዎ ላይ እንዳይሠራ። ባትሪው ሲለይ ቮልቱ ድንገት ስለሚዘል የዲናሞውን ዳዮድ፣ ሲብስም የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል።