ከታናኽ ጀምሩ፦ ቴል አቪቭ ጎዳና ላይ ለአይሁድ ቃሉን እንዴት እናካፍላለን

አዲስ አበባ ትራክት ሲበትን የኖረ ሰው ቴል አቪቭ አለንቢ ጎዳና ላይ ሲቆም በመጀመሪያው ቀን ግራ ይገባዋል። አገር ቤት ወረቀቱን የማይፈልገውም ሰው ይሉኝታ ይዞት ይቀበልና ኪሱ ይከተዋል። እዚህ ይሉኝታ የለም። የተቀበለው እዚያው ቆሞ ያነባል፤ "የሹዓ" (ኢየሱስ በዕብራይስጥ) የሚለው ስም ላይ ሲደርስ ወይ ጭቅጭቅ ይጀምራል፣ ወይ አጠገባችሁ ቀዶ ይጥለዋል። ጭቅጭቁን ጠብ አድርጋችሁ አትውሰዱት። የሚከራከር እስራኤላዊ ብዙ ጊዜ ነገሩ የገረመው ሰው ነው።

እኔ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ነኝ። ከመሲሐውያን አይሁድ ጋር፣ ማለትም ኢየሱስን መሲሕ ነው ብለው አምነው አይሁድነታቸውን ካልተዉ ወንድሞችና እህቶች ጋር፣ ለጥቂት ዓመታት ለሥርጭት ወጥቻለሁ። እዚህ የምጽፈው አብዛኛው ተሳስቼ የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እወቁ

በእስራኤል ስለ እምነት መናገርም ሆነ ጽሑፍ ማደል አይከለከልም። ሁለት ነገር ግን ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሕግ፣ ሰው ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም የሚሰጥን እስከ 5 ዓመት፣ ተቀባዩን ደግሞ እስከ 3 ዓመት በእስር ያስቀጣል። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ሃይማኖትህን ለውጥ ብሎ በቀጥታ ማግባባትም ያስከስሳል። ስለዚህ ተማሪ የሚመስል ልጅ እጁን ቢዘረጋ በትሕትና እንመልሰዋለን። የተራበ ሰው ካገኘን ሳንድዊች እንገዛለታለን፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ከቦርሳ አይወጣም። ሕጉ ባይኖርም እንዲህ ብናደርግ ደስ ይለኛል።

ቦርሳችሁ ውስጥ የሚገባው

ከሁሉ በፊት የዕብራይስጥ ታናኽ ያዙ፤ ማለትም እኛ ብሉይ ኪዳን የምንለውን መጽሐፍ፣ በእነርሱ እትም። "ብሉይ" የሚለውን ቃል ግን ቤታችሁ ተዉት። ለሰውየው መጽሐፉ አላረጀም።

የቁጥር ልዩነት አለ፤ ሳታውቁት ብትወጡ ታፍራላችሁ። በአማርኛው ሚክያስ 5፥2 ላይ ያለው የቤተ ልሔም ትንቢት በዕብራይስጡ 5፥1 ነው። "ሕፃን ተወልዶልናልና" የሚለው ኢሳይያስ 9፥6 እነርሱ ዘንድ 9፥5 ነው። ሚልክያስ 4ኛ ምዕራፍ የለውም፤ ኢዩኤል ደግሞ 4 ምዕራፍ ነው። መዝሙር ላይ አርዕስቱ ራሱ ብዙ ጊዜ እንደ ቁጥር ስለሚቆጠር ብዙ መዝሙር ላይ ቁጥሩ በአንድ ይንሸራተታል። ከመውጣታችሁ በፊት የምትጠቅሷቸውን ክፍሎች ከእነርሱ እትም ፈልጋችሁ ምልክት አድርጉባቸው።

የእግዚአብሔር ስም የሚጻፍባቸው አራቱ ፊደላት በዕብራይስጥ የታተሙበትን ወረቀት አትበትኑ። ያ ስም ያለበት ጽሑፍ ቆሻሻ ላይ አይጣልም፤ እንደ ሥርዓቱ ተሰብስቦ ይቀበራል። አፋችሁም ላይ ስሙን አታምጡ፤ እነርሱ "ሃሼም" ይላሉ፣ ትርጉሙም "ስሙ" ማለት ነው። አንድ ዓርብ ቀን ነፋስ ከእጄ ጥቂት ወረቀቶች ወሰደብኝ። አጠገቤ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ አሮጊት አንዱን ከመሬት አነሡ፤ ከነቢዩ የተጠቀሰውን መስመር እንዳዩ ወረቀቱን ሳም አደረጉት፣ የወደቀ ቅዱስ መጽሐፍ እንደሚሳም። ከዚያ አገላብጠው የማን እንደሆነ አነበቡ። ምንም አላሉኝም። ወረቀቱን አራት አጥፈው ጭኔ ላይ አኑረውልኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት በድንጋይ ስር እንኳ ቢሆን መሬት ላይ አላስቀምጥም።

የትና መቼ

ናሐላት ቢንያሚን ላይ ማክሰኞና ዓርብ የእጅ ሥራ ገበያ አለ፤ ሰው አይቸኩልም፣ ቆሞ ማውራት ይወዳል። ዓርብ ግን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ኻላ ዳቦውን ይዞ ወደ ቤቱ ስለሚሮጥ በጊዜ ዝጉ። ምኩራብ ደጃፍ ላይ አትቁሙ። በሰንበታቸው፣ በቅዳሜ፣ ሃይማኖተኛ ሰው አይጽፍም፣ ስልክም አይነካም፤ "ቁጥርህን ስጠኝ" ማለት አለማወቃችሁን ማሳየት ነው። በሾዓ (ናዚዎች አይሁድን የፈጁበት እልቂት) መታሰቢያ ቀን ጠዋት 10 ሰዓት ላይ (በእኛ 4 ሰዓት) ሲሪን ለሁለት ደቂቃ ሲጮኽ መኪናው ሁሉ ይቆማል፣ ሰው ከመኪናው ይወርዳል። ያን ቀን እኛ ጭራሽ አንወጣም።

አነጋገሩ

አይሁዳዊ ሳትሆኑ ኪፓ፣ የአይሁድ ወንዶችን ትንሽ ቆብ፣ አታድርጉ። መሲሐዊ አይሁዳዊ ከሆነ ወንድማችሁ ጋር ስትቆሙም እናንተ ማን እንደሆናችሁ በመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሩ። ማታለል የሚመስል ነገር ሁሉ አሮጌ ቁስል ይነካል፦ እ.ኤ.አ. በ1096 የመስቀል ዘማቾች ራይን ዳር ያሉ አይሁድን "ተጠመቁ ወይም ሙቱ" ብለው ፈጅተዋል፤ በ1492 ስፔን ያልተጠመቀውን አባርራለች። በዕብራይስጥ ሃይማኖቱን የለወጠ አይሁዳዊ "መሹማድ" ይባላል፤ ቃሉ ማጥፋት ከሚለው ሥር የወጣ ነው። "ሚሲዮነር"ም እዚህ ስድብ ነው። እነርሱ የሚፈሩት የአንድን ሰው መለወጥ ብቻ ሳይሆን የሕዝባቸውን መጥፋት ነው።

"ስሊኻ" ብላችሁ ጀምሩ፣ ይቅርታ እንደ ማለት ነው። "ሎ፣ ቶዳ" (አይ፣ አመሰግናለሁ) ካላችሁ አመስግኑና ፈቀቅ በሉ፤ ሁለት እርምጃ እንኳ አትከተሉ። ከቆመ ግን አትስበኩ፣ አስነብቡት። ታናኹን ክፈቱና ኢሳይያስ 52፥13 ላይ ጣታችሁን አኑሩ፤ ከዚያ እስከ 53 መጨረሻ በገዛ አፉ ጮክ ብሎ ያንብበው። እናንተ ዝም በሉ። የማንበቡን ድምፅ የሚያህል ስብከት አላየሁም።

ምኩራብ የሚሄድ ሰው ይህን ምዕራፍ በሰንበት ንባብ ላይ ላይሰማው ይችላል፤ በዓመቱ ዙር አንደኛው ንባብ 52፥12 ላይ ያበቃል፣ ሌላው ከ54፥1 ይጀምራል። "ደብቀውብህ ነው" ማለት ግን ስንፍና ነው። በንባቡ ዙር የማይነበብ የነቢያት ምዕራፍ ብዙ ነው፤ መጽሐፉም እቤቱ መደርደሪያ ላይ አለ።

ምዕራፉ ስለ ሌሎች መከራ ስለሚቀበል የእግዚአብሔር ባሪያ ይናገራል፤ ሰውየውም "ባሪያው እስራኤል ነው" ማለቱ አይቀርም። በ11ኛው መቶ ዘመን የኖረው ታላቁ ተንታኝ ራሺ እንዲህ ተርጉሞታል፤ 41፥8ም "ባሪያዬ እስራኤል" ይላል። ጥሩ መልስ ነው፣ ጥሩ መልስ መሆኑንም ንገሩት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ 53፥8 ባሪያው ስለ "ሕዝቤ" መተላለፍ ተመታ ይላል፤ ባሪያው ሕዝቡ ከሆነ፣ ሕዝቤ የተባለው ማነው? የሚያውቅ ሰው ከገጠማችሁ የዮናታን ተርጉም፣ ማለትም የነቢያት ጥንታዊ የአራማይክ ትርጉም፣ 52፥13 ላይ "መሲሕ" የሚለውን ቃል እንደጨመረ አንሡ። ያው ተርጉም ግን መከራውን ከመሲሑ አንሥቶ ወደ ሌሎች ያዞረዋል፤ ይህንንም እናንተው ቀድማችሁ ንገሩት። ግማሹን ብቻ ጠቅሶ የተያዘ ሰው ሁለተኛ አይሰማም።

"አዲስ ኪዳን የአሕዛብ መጽሐፍ ነው" ካላችሁ ኤርምያስ 31ን አሳዩት። "ብሪት ሐዳሻ" የሚለው ሐረግ፣ አዲስ ቃል ኪዳን፣ መጀመሪያ የተጻፈው እዚያ ነው፤ የገባውም ከእስራኤል ቤትና ከይሁዳ ቤት ጋር ነው።

ያገራችሁ ሰው ሲገጥማችሁ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አማርኛችሁን የሰሙ አዛውንት ፈገግ ብለው "ከወዴት ነህ ልጄ?" ይሏችኋል፤ እናንተም ደስታችሁ ይዟችሁ ወረቀት ትዘረጋላችሁ። አታድርጉት። በቤተ እስራኤል፣ ማለትም በኢትዮጵያ አይሁድ፣ ዘንድ ሚስዮን የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከለንደን የተላኩ ሚስዮናውያን ጎንደር አካባቢ ሲሰብኩ ከተጠመቁት ወገን ዛሬም ዘር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተሻሻለው የመመለሻ ሕግ፣ አይሁድ ወደ እስራኤል የሚገቡበት ሕግ፣ አይሁዳዊ ማለት "የሌላ ሃይማኖት አባል ያልሆነ" ነው ይላል። አክስቱ ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል የመግባት ጥሪ ለዓመታት የምትጠብቅ ወጣት ከእናንተ ጋር ሆኖ ቢታይ፣ ፎቶ ቢነሣ፣ ያ ፎቶ ወዴት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም።

"ፈላሻ" የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። አዛውንቱን አባባ፣ አሮጊቷን እማማ በሉ፤ ስለ ስግድ በዓል ጠይቁ፣ ቄሶቻቸው ኦሪቱን በግዕዝ ሲያነቡ ስለ ሰሙት ጠይቁ። ዳዊቱን እኛም በግዕዝ ስላደግንበት ወሬ አይጠፋም። ስለ እምነታችሁ እነርሱ ከጠየቁ መልሱ። ካልጠየቁ ቡናው ይበቃል።

ስትመለሱ

የሰው ፎቶ አትለጥፉ፤ ስንት ሰው ወረቀት እንደወሰደ ቆጥራችሁም አትፎክሩ። ስልኩን የሰጠ ሰው ካለ መሲሐዊ አይሁዳዊ የሆነው ጓደኛችሁ ይደውልለት፤ ቋንቋውም ቤቱም የእርሱ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ከአለንቢ ጥግ እስከ ገበያው መግቢያ ድረስ ተመለሱና የተቀደደውን ወረቀት ልቀሙ። ምኩራብ አጠገብ ለቅዱስ ጽሑፍ መጣያ የተቀመጠ ሳጥን ብታዩም እዚያ አትክተቱት፤ የእኛን ጽሑፍ እዚያ ማግኘት ያስቆጣቸዋል። በፌስታል ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ።