ለጭቃ መንገድ መኪና ማዘጋጀት፦ ምን ይቅደም፣ ምን ይቅር?

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ በረንዳ ላይ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው ብዙ ዓይነት መኪና ሲያልፍ ያያል። ከፍ የተደረገ ሃይሉክስ፣ ግንባሩ ላይ ዊንች (በሞተር የሚጠቀለል መጎተቻ ካቦ) የተገጠመለት ላንድክሩዘር፣ ጣሪያው በፓውዛ የተሞላ ቪታራ። ዝቅ ብሎ ጎማቸውን ካየ ደግሞ የአንዳንዶቹ ጥርስ ሙልጭ ብሎ አልቋል። መኪናን ጭቃ የሚይዘው ከታች ነው፤ ገንዘቡ የሚፈሰው ግን ከላይ።

መኪና ማሻሻል አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጅማ ዙሪያ ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ድረስ ይመላለሳል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ አስፋልት ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባው ግን ብዙ ቦታ ቀይ አፈር ነው። ሲደርቅ ያቦናል፣ ሲርስ ያንሸራትታል። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ቅደም ተከተሉ ነው፤ ብራችሁ ምን ላይ ቀድሞ ይዋል?

1. የምትሄዱበትን መንገድ ጻፉ

ባለፈው ክረምት የሄዳችሁበትን ቦታ ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ስልክም ይሆናል። ከእያንዳንዱ ጎን ምን ያህሉ አስፋልት እንደነበር፣ ምን ጭናችሁ እንደነበር፣ ጭቃ ይዟችሁ ከሆነም እንዴት እንደያዛችሁ ጻፉ።

የመጨረሻው ዋናው ነው። «ጭቃ ያዘኝ» ብቻ አይበቃም። ጎማው ባለበት ዞረ? የመኪናው ሆድ መሬት ነክቶ ተንጠለጠለ? ወይስ ወንዝ ሞልቶ ተመለሳችሁ? የሦስቱም መድኃኒት ለየቅል ነው። ጎማው ከዞረ የጎማና የአየር ጉዳይ ነው። ሆዱ ከነካ የከፍታ ነው፣ አለዚያም ባሌስትራው (መኪናውን የሚሸከመው የብረት ቅጠል ድርድር) ደክሟል። ወንዙ ከሞላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ መጠበቅ ነው።

የከተማ ነዋሪ ከሆናችሁ ዝርዝራችሁ ምናልባት እንዲህ ይሆናል፦ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ጅማ ውስጥ ከአጂፕ መርካቶ፣ አልፎ አልፎ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ወደ ገራ፣ ሊሙ ወይም ዴዶ ገጠር። ይህ ማለት መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚጨርሰው አስፋልት ላይ ነው። ክረምት ከበጋ ጭኖ ሲግሞ የሚመላለስ ሰው ሌላ ነው፤ እሱ ከዚህ በታች ያለውን ከራሱ ሥራ ጋር እያገናዘበ ያንብበው።

2. አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ጠግኑ

አንድ ጋራዥ ውስጥ የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

«ጋሼ፣ አምስት ሴንቲ እናነሳዋለን፣ ችግር የለም» አለ መካኒኩ ከመኪናው ሥር ሆኖ። «ግን መጀመሪያ ይችን ይዩልኝ።»

ባለመኪናው ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ አሉ። ከኋላው ባሌስትራ ሁለተኛዋ ቅጠል መሃሏ ላይ ተሰብራለች። ስብራቱ ዝጓል፤ የቆየ ነው።

«እኔ እኮ ዝቅ ያለብኝ ጎማው ትንሽ ስለሆነ መስሎኝ…»

«የለም ጋሼ። ቅጠሏ ትቀየር፣ ቁመቱ ይመለሳል።»

እናንተም ይህን በሜትር ማየት ትችላላችሁ። መኪናውን ባዶውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ከጎማው መሃል ተነስታችሁ ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ለኩ። ግራና ቀኙ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ አንዱ ወገን ሳይደክም አልቀረም። እዚያው ዝቅ ብላችሁ ሾክ አብዞርበሩን እዩ። ዘይት ተፍቶ አቧራ ከያዘ አልቋል። የተሰነጠቁ ጎሚኒዎችንም (የመጋጠሚያ ላስቲኮችን) አስቀይሩ።

ቀጥሎ ፎርዊሉን፣ ማለትም አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን፣ ፈትሹ። ጭቃ እስኪይዛቸው ድረስ ፎርዊሉን ነክተውት የማያውቁ ባለመኪናዎች ሞልተዋል። የዚያን ዕለት ደግሞ አልገባም ይላል። የቶዮታ መመሪያ መጽሐፍ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎርዊል ንዱ ይላል፤ ዘይቱ የፊቱን ክፍል እንዲያዳርስ ነው። የፊት ጎማው ሃብ (የጎማው መሃል) በእጅ የሚዞር ከሆነ ወደ «ሎክ» አዙሩት። ከዚያ ልል አፈር ወይም ጭቃ ላይ ሰው ከውጭ ቆሞ የፊት ጎማዎቹ ሲጎትቱ ይይላችሁ። ይህን ደረቅ አስፋልት ላይ አትሞክሩት። እያስገባችሁ የምታወጡት ዓይነት ፎርዊል አስፋልት ላይ ጥምዝ ስትዞሩ ማርሹን ያጨናንቃል፣ ሲብስም ይሰብራል። እንደ ፕራዶ ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ግን ይህ አያሰጋችሁም።

መኪናቸው የዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ሎክ እንዳለው የማያውቁም አሉ። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ እዩ። ሎክ ከሌለ ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ለሚሟልጨው ጎማ ነው፤ ሌላው ዝም ብሎ ይቆማል። ሎኩ ሁለቱን እኩል ያዞራል። የምታስገቡት ቀስ ብላችሁ ቀጥታ ስትሄዱ ብቻ ነው፤ እንደወጣችሁም አጥፉት።

3. ጎማ ላይ አትሰስቱ

አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል ጎማ እላለሁ።

ገበያ ላይ ሁለት ስም ትሰማላችሁ፦ ኤቲ እና ኤምቲ። ኤቲ ለሁለቱም መንገድ የተሠራ ነው። ኤምቲ ጥርሱ ትልልቅ፣ ክፍተቱም ሰፊ ስለሆነ ጭቃውን እየተፋ ይሄዳል። ኤምቲው ያምራል፣ አይካድም። ነገር ግን እርጥብ አስፋልት ላይ የመያዝ አቅሙ ያንሳል፣ ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል፣ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይበላል። ከአበልቲ ወደ ግቤ ቁልቁል በዝናብ ስትወርዱ የሚያስፈልጋችሁ የሚቆም ጎማ ነው። ለአብዛኛው የጅማ ሰው ኤቲ ይበቃል።

ስፋትም ይታሰብበት። ሰፊ ጎማ ለአሸዋ ነው፤ ከላይ ይንሳፈፋል። የእኛ ቀይ ጭቃ ብዙ ጊዜ ከላይ ለስላሳ፣ ከሥሩ ጠንካራ ነው። ቀጭን ጎማ ቆርጦ ጠንካራውን ይደርስበታል። የላንድክሩዘር ፒካፕ ይዞት የሚመጣው 7.50 በ16 ጎማ ቀጭን ነው ተብሎ ይናቃል እንጂ እንዲህ ላለው ጭቃ ጥሩ ነው።

ትልቅ ጎማ ከመረጣችሁ ሒሳቡን እወቁት። ከ265/65 በ17 ወደ 285/70 በ17 ብትቀይሩ ዙሪያው 7 በመቶ ያድጋል። የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል እናንተ 86 ገደማ እየሄዳችሁ ነው። ከዲፈረንሻሉ ሥር የምታገኙት ተጨማሪ ከፍታ ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞርም ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል።

ስትገዙ የጎማውን ዕድሜ አንብቡ። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ምንም ያህል ሙሉ ቢሆን ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ጎሚስታው «አዲስ ነው» ሲላችሁ ቁጥሩን አሳየኝ በሉት፤ አይቀየማችሁም።

4. አየር መቀነስ ተማሩ

ይህ ትልቁ «ማሻሻያ» ነው፤ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። የአየር መለኪያና ከመኪናው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር ግዙ። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የያዘ ጎማ፣ ጭቃ ውስጥ ሲዞር ወደ 22 ገደማ ዝቅ ብታደርጉት መሬት የሚነካው አካሉ ይረዝማል። ቅድም እንቢ ያለው መኪና ይወጣል። ከዚያ በኋላ ግን በዝግታ ንዱ፤ መሪም በኃይል አትጠምዝዙ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። ብዙ ከጫናችሁ ይህን ያህል አትቀንሱ። ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ያለው ከሆነም ተጠንቀቁ፤ አየሩ በጣም ሲቀንስ ከመነዳሪው ተንሸራቶ ቫልቩ ይበጠሳል። አስፋልት ላይ ሳትወጡ መልሳችሁ ንፉ።

5. ማውጫ ዕቃ ያዙ

አካፋ፣ ገጀራ፣ ጥሩ ክሪክ፣ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ ጓንት፣ ጠንካራ መጎተቻ ገመድ። በቃ።

የገመዱ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ተጎታች የሚታሰርበትን ኳስ ለማውጫ አትጠቀሙበት። ከተበጠሰ እንደ ጥይት የሚወረወር ብረት ነው፤ ሰው ይገድላል። ሻንሲው ላይ በጠንካራ ብሎን የታሰረ መንጠቆ ካለ እሱን ተጠቀሙ። ከሌለ አስገጥሙ፤ ይህ የሚያስፈልግ ማሻሻያ ነው። ገመዱ ወይም ካቦው ሲወጠር መሃሉ ላይ ጃኬት ወይም ጆንያ ጣል አድርጉበት። የሚገፉትን ልጆች ከገመዱ አቅጣጫ አርቋቸው። ለመግፊያ የምትከፍሉትንም ዋጋ ከመገፋቱ በፊት ተነጋገሩ።

6. ውኃ ካለ፣ ከስኖርክሉ በፊት መተንፈሻው

ስኖርክል ኤንጂኑ አየር የሚስብበትን ቦታ ከፍ ያደርጋል። ውኃ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ አይጨመቅም፣ ቢዬላ (የፒስተኑን ክንድ) ያጣምማል፤ ስለዚህ ጥቅሙ እውነት ነው። ግን ሃይሉክስ ሳይነካካ እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ውኃ እንዲያቋርጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። የሚወርድ ጎርፍ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ላይ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ከስኖርክሉ በፊት ጎርፉ ይቀድማችኋል።

ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ዲፈረንሻሉ ላይ ትንሽ የአየር መተንፈሻ አለች። ሲነዳ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃ ይስባል። ከሳምንታት በኋላ ዘይቱን ስታስወርዱ ማኪያቶ መስሎ ይወርዳል። ዘይት ሳይሆን ውኃና ዘይት ነው፤ ማርሹን ይበላዋል። መድኃኒቱ አንድ የጎማ ቱቦ፣ ሁለት ፋሸታ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፦ መተንፈሻዋን በቱቦ አርዝሞ ወደ ኤንጂኑ ክፍል ላይኛው ጫፍ ማውጣት።

መኪናው ውኃ ውስጥ ከጠፋ መልሳችሁ አታስነሱት። ጎትታችሁ አውጡና ካንዴላዎቹ ተፈትተው ውኃው ይውጣ።

7. ከፍ ማድረግ፦ ከፈለጋችሁ እስከ አምስት ሴንቲ

ዝርዝራችሁ ላይ «ሆዱ ነካ» የሚል ከተደጋገመ፣ ባሌስትራውም ጤነኛ ከሆነ፣ ያኔ ስለ ሊፍት እናውራ። ባሌስትራውንና ሾክ አብዞርበሩን አብሮ የሚቀይር ሙሉ ሥራ ይሁን። ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ድጋፍ) ብቻ መደርደር ቁመት ይሰጣል እንጂ የመሸከም አቅም አይጨምርም። ተጨማሪ ቅጠል መክተት ሁልጊዜ ለሚጭን መኪና ይሆናል፤ ባዶውን ለሚነዳ ግን ወገብ ያስቆርጣል።

ከአምስት ሴንቲ በላይ ሲሆን የክሮቸራው (ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ) ማዕዘን ይበላሻል፣ የፍሬን ቱቦው ያጥራል፣ መኪናው ጥምዝ ላይ ይዘማል። ሻንሲ የሚያስቆርጥ ወይም የሚያስበየድ ሥራ ካቀረቡላችሁ እምቢ በሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያላችሁን ካበላሻችሁ ምትኩ ቀላል አይደለም።

ራቭፎር ወይም ቪታራ የያዛችሁ ሊፍቱን ተዉትና ከዘይት ኮፓው ሥር ጠንካራ ላሜራ አስገጥሙ። ድንጋይ የሚያገኘው እሱን ነው።

8. የቀረው

ዊንች ብቻውን ለሚሄድ ሰው ነው። ሦስት ቶን ለሚመዝን መኪና አራት ቶን ተኩል የሚጎትት ይፈለጋል፣ ደህና ባትሪም። ሁለት መኪና ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ገመዱ ይበቃል። የብረት ቡልባር ክብደቱ የፊት ሞላውን ያደክማል፤ ባጃጅና እግረኛ በሚተራመስበት ከተማም የሚጎዳው ሌላውን ሰው ነው። ፖርቶመጋላ ላይ ጆንያ መደርደር የዴዶን ዳገት ለሚወጣ አይመከርም፣ ክብደቱ ከላይ ይሆናል። ጣሪያ ላይ የሚደረደር ፓውዛ በጉም ወቅት ብርሃኑ ተመልሶ የራሳችሁን ዓይን ይመታል፤ ከፈለጋችሁ ዝቅ ብሎ ፓራውልቱ ላይ የሚገጠም የጉም መብራት ይሻላል።

ማናቸውንም ከማስገጠማችሁ በፊት ሁለት ቦታ ጠይቁ፦ ቦሎ የሚያድሱላችሁ ምርመራ ላይ ያልፋል ወይ? ኢንሹራንሱስ እንዲህ የተለወጠ መኪና አደጋ ቢደርስበት ይከፍላል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ብታገኙ ጥሩ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ የጎማ አሰላለፍ አስለኩ፣ የፊት መብራቱን ዝቅ አስደርጉ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዱ ተመለሱና የባሌስትራውን ብሎኖች በሙሉ አስጠብቁ፤ አዲስ ብሎን ይላላል።