ችግርን የሚፈታ አስተሳሰብ እንዴት ይዳብራል?

ችግር ሲገጥመን ቀድማ ከአፋችን የምትወጣው ጥያቄ «ማን ነው ያበላሸው?» የምትል ናት። ይህች ጥያቄ ሰው ታስኮርፋለች እንጂ ነገሩን አታቃናም። የተወቀሰ ሰው ራሱን ለማዳን ሲል ያየውን ይሸሽጋል፤ መፍትሔው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያው በተሸሸገው ውስጥ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? በእሷ ምትክ «ምን ተፈጠረ?» ማለትን እንልመድ። ልምምዱ እንዲህ ይሄዳል።

1. ያዩትን ብቻ ይናገሩ

ጎንደር ማራኪ ሰፈር እንጀራ እየጋገረች ፒያሳ ላሉ ምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት እናስብ። «እንጀራዬ ተበላሸ» ካለች መያዣ መጨበጫ የላትም፤ ዛሬ ጤፍ ነጋዴውን ትወቅሳለች፣ ነገ ሊጡን ያቦካችውን ልጅ ትቆጣለች። «ዳር ዳሩ ዓይን አውጥቷል፣ መሃሉ ድፍን ነው፤ ማታ የተጋገረው ይብሳል» ስትል ግን የት መፈለግ እንዳለባት ራሱ ንግግሯ ይመራታል። ጤፉ ቢሆን ኖሮ ዳሩንና መሃሉን አይለይም ነበር።

2. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ

ትዕግሥት የሚጠይቀው ይኼ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሴትዮዋ በአንድ ቀን ጤፉንም፣ እርሾውንም፣ አብሲቱንም ብትለውጥ እንጀራው ቢያምርላት እንኳ የትኛው እንዳዳናት አታውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ችግር ይመለስባታል። ይልቅ ከዚያው ሊጥ ትንሽ ወስዳ ጎረቤት ምጣድ ላይ ትጋግር። እዚያ ዓይኑ ከመጣ ሊጡ ነፃ ወጣ ማለት ነው። ቀጥላ በራሷ ምጣድ ንጋት ላይ ትሞክር። ንጋት ላይ ካማረ፣ ማታ ሰው ሁሉ ሲጠቀም የመብራቱ ኃይል እየወረደ ነው። ንጋት ላይም መሃሉ ድፍን ከሆነ የምጣዱን ሽቦ ጠጋኝ ይየው።

3. «ለምን?» እያሉ ይውረዱ

የጃፓኑ ፈልሳፊ ሳኪቺ ቶዮዳ «ለምን?» የሚለውን አምስት ጊዜ ደጋግሞ በመጠየቅ ዘዴው ይታወቃል። ቁጥሩን አጥብቀው አይያዙ። መልሱ የሰው ስም ላይ ሲቆም ግን አንድ ጊዜ ጨምረው ይጠይቁ። ሌላ ቀን ደግሞ ሊጡ ሳይደርስ ቀረ እንበል። ለምን አልደረሰም? ልጅቱ ዘግይታ ስላቦካች። ለምን ዘገየች? ውሃው በፈረቃ ነው፣ የመጣው ሌሊት ነበር። እንግዲህ መፍትሔው ቁጣ ሳይሆን ለሊጥ ብቻ የሚቀመጥ አንድ ጀሪካን ውሃ ነው።

4. ከሌላ ወገን የሚያየውን ሰው ይጠይቁ

ለዚህ ከጎንደር የተሻለ ምስክር አላውቅም። በፈረንጆች 1953 ጎንደር አቅራቢያ ባለችው ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ሺዎችን ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1954፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጎንደር ላይ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠነው አንድ ዓይነት ባለሙያ አልነበረም፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አንድ ላይ እየተማሩ፣ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጡ ነበር። ወባን አንዱ በሕመምተኛው ደም፣ ሌላው በቤቱ፣ ሌላው ትንኝ በሚራባበት ኩሬ ያየዋል፤ አንዱ ብቻውን ሁሉን አያይም።

በቤትም እንዲሁ ነው። ያቺ የተቆጣናት ልጅ ዕድል ብትሰጣት «እታለም፣ ሊጡኮ ደህና ነው፤ መሃሉ ላይ ሳፈሰው ነው ምጣዱ ዝም የሚለው» ትል ነበር። በየቀኑ ምጣዱ ሥር የምትቀመጠው እሷ ናት።

5. ከእጅዎ ያለውንና የሌለውን ይለዩ

የመብራቱን ኃይል ሴትዮዋ አትጨምረውም፤ የምትጋግርበትን ሰዓት ግን መለወጥ ትችላለች። ያንን ዛሬውኑ ታድርግ። ለቀሪው ደብተር ትያዝ፤ ኃይሉ የወረደበትን ቀንና ሰዓት እየጻፈች ትቆይ። የሚመለከተው ቢሮ ስትሄድ «መብራቱ አስቸገረን» ከማለት «በእነዚህ ቀናት፣ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት» ብላ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትዘርጋ። ጎረቤቶቿም የየራሳቸውን ቢጽፉ ችግሩ የአንድ ቤት ይሁን የመስመሩ ወዲያው ይለያል።