«ፍላጎቱ ሲመጣ እነሳለሁ» ላሉ ሁሉ፦ ከድባቴ ለመውጣት የሚረዱ እርምጃዎች

ድባቴ የያዘው ሰው «ትንሽ ደስ ሲለኝ እነሳለሁ፤ ያኔ ሰውም አገኛለሁ፣ ሥራዬንም እጀምራለሁ» ይላል። ችግሩ ሕመሙ መጀመሪያ የሚወስደው ያንኑ የሚጠበቀውን ፍላጎት መሆኑ ነው። አልጋ ላይ በተዋለ ቁጥር ደስ የሚያሰኝ ነገር የሚገኝበት ዕድል ይጠባል፣ ስሜቱ ይብሳል፣ በማግስቱ መነሳት ደግሞ የባሰ ይከብዳል። ዙሩ የሚሰበረው በድርጊት በኩል ነው። ትንሽ ነገር ያለ ፍላጎት ይሠራል፤ ፍላጎቱ ዘግይቶ ይከተላል።

መጀመሪያ መለየት

ሐዘን መጥቶ ይሄዳል፤ በመሐልም ያስቃል፣ ያጫውታል። ድባቴ የሚባለው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ አብዛኛውን ቀን ስሜት ሲወድቅ ወይም ቀድሞ የሚወዱት ነገር ምንም ሳይመስል ሲቀር ነው። ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ የግድ ይኖራል። በዚያ ላይ የእንቅልፍ ወይም የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ የእንቅስቃሴ መዘግየት ወይም መቁነጥነጥ፣ ራስን ያለ ልክ መውቀስና ሞትን ማሰብ ይመጣሉ። ከዘጠኙ ምልክቶች አምስቱ ከተገኙና ኑሮን ካወኩ ሕክምና ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ግን ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም ወይም የጨጓራ ስሜት ብሎ ነው፤ ስለ ስሜቱ ካልተጠየቀም አይናገርም። እርስዎ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

የድባቴን ክብደት የሚለካው፣ ፒ ኤች ኪው 9 የተባለው መጠይቅ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፣ ድምሩም እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ባለሙያ ማየት ይገባል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው፤ መልሱ ከ0 ከበለጠ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም ለባለሙያ መንገር ያስፈልጋል።

ሐኪሙ የታይሮይድ እጢን፣ የደም ማነስንና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ቢመረምር ጥሩ ነው፤ ሦስቱም ድባቴን ሊመስሉ ይችላሉ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይንገሩት። ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኙ ጉልበት የሞላዎት፣ ወሬዎ የበዛበት፣ ገንዘብ ያለ ልክ ያወጡበት ወቅት ከነበረ ይህን ፈጽሞ አይደብቁ። ያ ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት አንዴ ያለ ልክ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ የሚልበት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥም ሁኔታውን ሊያባብሰው ይችላል።

ዋናው ሥራ፦ ቀንን በትንሽ በትንሹ መመለስ

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይለውጡ፤ ይመዝግቡ ብቻ። ወረቀት ላይ በየሁለት ሰዓቱ ምን እንደሠሩና ስሜትዎ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ ይጻፉ። ድባቴ «ቀኑ ሙሉ ያው ነበር» ያሰኛል፤ ወረቀቱ ግን ሌላ ያሳያል። ረፋዱን አልጋ ላይ ስልክ ሲነካኩ 2 የነበረው፣ ከእህትዎ ጋር አሥር ደቂቃ ካወሩ በኋላ 4 ሆኖ ይገኛል። ያቺ የሁለት ነጥብ ልዩነት መነሻ ናት።

በሁለተኛው ሳምንት ለየቀኑ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ይምረጡ፦ አንዱ ለሰውነት፣ አንዱ የተጠራቀመ ግዴታ፣ አንዱ ከሰው ጋር የሚያገናኝ ወይም ቀድሞ ይወዱት የነበረ። ሰዓትና ቦታ ይስጧቸው። «ዛሬ ቤት አጸዳለሁ» ዕቅድ አይደለም። «ጠዋት 3 ሰዓት፣ ፊቴን እንደታጠብኩ፣ ሁለት ብርጭቆ አጥባለሁ» ግን ዕቅድ ነው። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ በጣም በከፋው ቀን እንኳ ይህን እችላለሁ? መልሱ «አይመስለኝም» ከሆነ በግማሽ ይቀንሱት። መታጠብ ከከበደ እግር ብቻ፤ ደብዳቤ መመለስ ከከበደ ከፍቶ ማንበብ ብቻ።

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው በመጥፎ ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ደህና ቀን ነው። ጉልበት የተመለሰ ይመስለውና የሦስት ሳምንት ሥራ በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ ከዚያ ሁለት ቀን ይወድቅና «ይኸው፣ አልተሻለኝም» ይላል። ደህና በሆኑበት ቀንም ያቀዱትን ብቻ ሠርተው ያቁሙ፤ መጠኑን በሳምንት አንዴ ጥቂት ይጨምሩ። ሌላው መሰናክል ደስታን ወዲያው መጠበቅ ነው። ከ2 ወደ 3 መውጣት በቂ ነው፤ ምንም ካልተለወጠም ሥራው መሠራቱ ይቆጠራል።

በእግር መሄድን ከዝርዝሩ አይለዩት፤ ከ10 ደቂቃ ጀምረው ወደ 30 ደቂቃ ያሳድጉት፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን። ጠዋት በፀሐይ ብርሃን ከሆነ ለእንቅልፍም ይረዳል።

ሌሊቱ

የመኝታ ሰዓት ቢዛባም የመነሻ ሰዓት አይዛባ። 20 ደቂቃ ያህል ተጋድመው እንቅልፍ ካልመጣ ተነስተው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ጸጥ ያለ ነገር ይሥሩ፤ እንቅልፍ ሲመጣ ይመለሱ። የቀን እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነቅቶ መቅረት የድባቴ የታወቀ ጠባይ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ ጨለማ ነው። ስለ ሕይወትዎ፣ ስለ ትዳርዎ ወይም ስለ ሥራዎ በዚያ ሰዓት ምንም አይወስኑ። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ ግን ሌሊቱን ይቆራርጣል፣ በማግስቱ ስሜትን ያወርዳል።

መድኃኒትና ንግግር

እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት ወይም መቁነጥነጥ ሊመጣ ይችላል፤ ጥቅሙ ግን መታየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙዎች የሚያቋርጡት በዚህ መሐል፣ ጉዳቱን አይተው ጥቅሙን ሳያዩ ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት በትክክለኛው መጠን ተወስዶ ለውጥ ከሌለ ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ይቀይራል። ከተሻለዎት በኋላም ቢያንስ 6 ወር መቀጠል ያስፈልጋል። በድንገት ማቆም ማዞርና መነጫነጭ ስለሚያመጣ ከሐኪሙ ጋር ቀስ በቀስ ይቀንሱት። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅርብ ክትትል ይሻሉ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር ይችላል።

ቀላልና መካከለኛ ለሆነ ድባቴ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የሚደረግ የንግግር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ለከባዱ ሁለቱም አብረው ቢሆኑ ይመረጣል።

ሞት ሲታሰብ

ሞትን ያስባል ብለው ከሚሰጉለት ሰው ጋር ካሉ በግልጽ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ብዙውን ጊዜ ያቀልለታል። ያሰበው መንገድ ካለ መድኃኒቱን፣ መርዙን ወይም መሣሪያውን ከአጠገቡ ያርቁ፤ ብቻውን አይተዉት፤ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት። «ለማንም አትንገር» ቢልዎ ቃል አይግቡለት። እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ደግሞ አሁኑኑ አንድ ሰው አጠገብዎ እንዲሆን ያድርጉ፤ ለማስረዳት ቃላት ካጡ «ብቻዬን መሆን ያሰጋኛል» ማለት በቂ ነው።

ከተሻለ በኋላ

አንድ ጊዜ ድባቴ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ዳግም ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ ደህና ሳሉ አንድ ገጽ ይጻፉ። ከላይ ሕመሙ ሲጀምርዎ የታዩትን የመጀመሪያ ምልክቶች ያስፍሩ፦ ስልክ አለማንሳት፣ ገላ መታጠብ መተው፣ ሌሊት መንቃት። ከሥር ያኔ የረዳዎትን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የሚደውሉለትን ሰው ያስቀምጡ። አንዱን ቅጂ ለሚያምኑት ሰው ይስጡ፤ ከምልክቶቹ ሁለቱ ለአንድ ሳምንት ከቆዩ ቀጠሮ የመያዙን ሥራ እሱ እንዲጀምርልዎ ከወዲሁ ይስማሙ።