ኤጀንቱ ቮሊዩም ከሰረዘባችሁ፣ መጀመሪያ የቱሉን መግለጫ አንብቡ

ኤጀንት የምለው ቱሎችን፣ ማለትም የሰጠነውን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ እየጠራ ሥራ የሚሠራ የኤአይ ሞዴል ነው፤ የትኛውን መቼ እንደሚጠራ የሚወስነው የቱሉን መግለጫ አንብቦ ነው። ቮሊዩም ደግሞ ዳታ የሚቀመጥበት የዲስክ ቦታ ነው። ኤጀንቱ ከቱሉ ጋር ያለውን ግንኙነትና ፈቃዱን ቀድማችሁ እንዳያችሁ እቆጥራለሁ። እዚህ የማወራው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ቱሉ ይሠራል፣ ኤጀንቱም ይጠራዋል፣ ውጤቱ ግን ጉድ ነው።

ምልክት፦ ኤጀንቱ የተሳሳተውን ቱል ይጠራል።
አንዱ ቱል «የቮሊዩም መረጃ ያመጣል» ይላል፣ ሌላው «ስለ ቮሊዩም መረጃ ይሰጣል»። እናንተስ ብትሆኑ የትኛውን ትጠሩ ነበር? በእያንዳንዱ መግለጫ ላይ መቼ እንደማይጠራ ጻፉ፣ የሌላኛውንም ስም ጥቀሱ። አለቀ።

ምልክት፦ የተፈጠረው ቮሊዩም መጠኑ ሌላ ነው።
ፓራሜትሩ (ቱሉ ሲጠራ የሚሞላለት ዋጋ) «መጠን» ብቻ ስለሚል ነው። በኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን፣ ማለትም ለየብቻ ታሽገው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው) 1 ጂ (G) ማለት 1,000,000,000 ባይት ነው። 1 ጂአይ (Gi) ደግሞ 1,073,741,824 ነው። ትንሿ ኤም (m) ሜጋ እንዳትመስላችሁ፣ ሚሊ ናት። መለኪያውን ፓራሜትሩ ስም ላይ አስገቡ፣ አንድ ምሳሌም ጨምሩ። ፒቪሲ (የኩበርኔቲስ የስቶሬጅ ጥያቄ) ማሳደግ እንጂ ማሳነስ እንደማይቻልም ጻፉ፤ አለዚያ ኤጀንቱ ደጋግሞ ሲሞክር ይውላል።

ምልክት፦ ዲስክ አስለቅቅ አልነው፣ ዳታቤዙን ይዞት ሄደ።
ይሄን ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። መግለጫው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጥቅም ላይ ያልዋሉ ቮሊዩሞችን ያጸዳል»። «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ማለት ግን ምን ማለት ነው?

አንድ ቡድን ዘንድ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ሰው ለጥገና ብሎ የዳታቤዙን ኮንቴይነር ማታ አቆመው። ዶከር (ኮንቴይነሮችን የሚያስኬደው ፕሮግራም) ላይ የቆመ ኮንቴይነር እንኳ ቮሊዩሙን እንደያዘ ይቆጠራል፣ ስለዚህ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ኤጀንቱ መጀመሪያ የጠራው ግን «የቆሙ ኮንቴይነሮችን ያስወግዳል» የሚለውን ቱል ነበር። ኮንቴይነሩ ሲወገድ ቮሊዩሙ ባለቤት አጣ። ቀጥሎ ማጽጃውን ጠራ። ከዶከር 23 ወዲህ የቮሊዩም ማጽጃው ትእዛዝ በራሱ የሚሰርዘው ስም የሌላቸውን ብቻ ነው። የቱሉ ጸሐፊ ግን «በደንብ እንዲያጸዳ» ብሎ ሁሉንም የሚጠርገውን አማራጭ ኮዱ ውስጥ ከትቶበታል። መግለጫው ላይ ትንፍሽ አላለም! ኤጀንቱም «ጽዳቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ብሎ ሪፖርት አደረገ።

«ሞዴሉ ደደብ ነው» ተባለና ሞዴሉ ተቀየረ። አዲሱም ያንኑ ደገመው። መግለጫውን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ አሳየሁትና «ይሄ ዳታ ያጠፋል?» አልኩት። «አይመስለኝም» አለኝ። ሰው ያልገባውን ማሽን ከየት ያምጣው?

የጻፍንለት መግለጫ ይሄው፦
«ከየትኛውም ኮንቴይነር፣ ከቆመም ቢሆን፣ ጋር ያልተያያዙ ቮሊዩሞችን ሁሉ ከነዳታቸው ይሰርዛል። ስም ያላቸውም ይሰረዛሉ። መመለስ አይቻልም። ኮንቴይነሩ አሁን የተወገደ ቮሊዩምም እዚህ ውስጥ ይገባል። ዓላማህ ቦታ ማስለቀቅ ከሆነ መጀመሪያ የኢሜጅና የቢልድ ካሽ ማጽጃውን ተጠቀም። የሚሰረዙትን ስሞች ለሰው ሳታሳይና ሳታስፈቅድ አትጥራ።»

ረዘመ? ይርዘም። ብቻ አደራ፣ መግለጫ መቆለፊያ አይደለም። ኤምሲፒ (ኤጀንትን ከቱሎች ጋር የሚያገናኝ ስታንዳርድ) ላይ ያለው «አጥፊ ነው» የሚለው ምልክትም ፍንጭ እንጂ አጥር አይደለም። ቱሉን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ዝርዝር ብቻ ያሳይ፣ ሌላው የጸደቁ ስሞችን ካልተቀበለ እንቢ ይበል። እንቢታው ኮዱ ውስጥ ይሁን።

ኩበርኔቲስ ላይም መንትያው አለ። «የስቶሬጅ ጥያቄውን ይሰርዛል» የሚል መግለጫ አይቻለሁ። ወረቀት የሚቀደድ ይመስላል እኮ! በራሱ የሚፈጠር ስቶሬጅ ካልቀየራችሁት በቀር ፖሊሲው (ጥያቄው ሲሰረዝ ዲስኩ ምን ይሁን የሚለው ደንብ) «ሰርዝ» ነው፣ ስለዚህ ፒቪሲው ሲጠፋ ከጀርባው ያለው ዲስክም አብሮ ይሄዳል። ይህን መግለጫው ላይ በግልጽ አስቀምጡ። ቱሉም ፖሊሲውን አስቀድሞ አንብቦ ይመልስ።

ምልክት፦ ቦታ እያለ «ዲስኩ ሞልቷል» ይላል።
አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው፤ አይኖድ (ፋይል ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው መዝገብ) አልቆ ይሆናል። ቱሉ የቦታውንም የአይኖዱንም ቁጥር ይመልስ።

ምልክት፦ መሰረዝ አቅቶት ኮንቴይነሮችን በግድ ማስወገድ ይጀምራል።
ቱላችሁ «አልተሳካም» ብቻ ብሎ ስለሚመልስ ነው። «ቮሊዩሙን ይህ ኮንቴይነር ይዞታል፤ ኮንቴይነሩን አትንካ፣ ሰው ጠይቅ» ብሎ ይመልስ።