ከቤት ተነጥሎ በቆመ ጋራዥ የንዑስ ቦርድ ኧርዝና ኒውትራል አያያዝ

ለጋራዥ ንዑስ ቦርድ (ከዋናው ቦርድ ኃይል ተቀብሎ የሚያከፋፍል ሁለተኛ ሳጥን) ሲዘረጋ ብዙ ትኩረት የሚሰጠው ለገመዱ ውፍረትና ለብሬከሩ መጠን ነው፤ ሰው የሚገድለው ስሕተት ግን የሚገኘው በኒውትራል (ከረንቱ በመደበኛ ሁኔታ በሚመለስበት ሽቦ) እና በኧርዝ (ብልሽት ሲፈጠር ከረንቱን በሚመልሰው የደኅንነት ሽቦ) አያያዝ ላይ ነው። በዋናው ቦርድ ሁለቱ አብረው ታስረው ስለሚታዩ በጋራዡም እንዲሁ መታሰር ያለባቸው ይመስላል። መገናኘት ያለባቸው ግን በአንድ ቦታ፣ ኃይል ወደ ግቢው በሚገባበት በዋናው መነሻ ላይ ብቻ ነው። በጋራዡ ዳግመኛ ከተገናኙ፣ በኒውትራል ብቻ መመለስ የነበረበት ከረንት ተከፋፍሎ በኧርዝ ሽቦውና በአካባቢው ባሉ የብረት ቧንቧዎችም ይመለሳል።

ስለዚህ ከዋናው ቦርድ ወደ ጋራዡ የሚሄደው ገመድ ሁለት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡ ሽቦዎች)፣ አንድ ኒውትራልና አንድ ኧርዝ፣ በድምሩ አራት ሽቦ ሊኖረው ይገባል። እዚህ የምጠቅሳቸው መጠኖች የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ የሚጠይቃቸው ናቸው። በደንቡ መሠረት መጋቢው ብሬከር (በዋናው ቦርድ ላይ ለጋራዡ ኃይል የሚሰጠው) 60 አምፔር ከሆነ ባለ 10 ቁጥር፣ 100 አምፔር ከሆነ ደግሞ ባለ 8 ቁጥር የመዳብ ኧርዝ ሽቦ ያስፈልጋል (በአሜሪካ የሽቦ መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኃይሉን ያጥፉና መጥፋቱን በመለኪያ ያረጋግጡ። ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪው የሚመጡት ሽቦዎች ኃይል እንደያዙ ስለሚቆዩ በዋናው ቦርድ ላይ የሚደረገውን ግንኙነት ፈቃድ ላለው ባለሙያ መተው ይሻላል። በንዑስ ቦርዱ ውስጥ የኒውትራሉን ባር ከቆርቆሮው ጋር የሚያገናኘውን ብሎን ወይም የብረት ማሰሪያ ያውጡ፤ ባሩ በፕላስቲክ መቀመጫው ላይ ብቻ ይቀመጥ። ለኧርዝ ሌላ ባር ገዝተው በቀጥታ በቦርዱ ቆርቆሮ ላይ አጥብቀው ይሰሩት። ከዚያ በኋላ ነጭ ሽቦዎች ሁሉ ወደ አንዱ፣ አረንጓዴና ባዶ ሽቦዎች ሁሉ ወደ ሌላው ይሄዳሉ።

ጋራዡ የራሱ የኧርዝ ዘንግም ያስፈልገዋል። ርዝመቱ 2.44 ሜትር የሆነ ዘንግ ሙሉ በሙሉ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ የአንዱ ዘንግ መቋቋም ከ25 ኦም በታች መሆኑ ካልተረጋገጠ ከመጀመሪያው ቢያንስ 1.8 ሜትር ርቆ ሁለተኛ ይጨመራል። ከዘንጉ የሚመጣው ባለ 6 ቁጥር የመዳብ ሽቦ የሚታሰረው በኧርዝ ባሩ ላይ ነው፤ ከኒውትራል ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

ብዙዎች ዘንጉ ከተቀበረ አራተኛው ሽቦ ትርፍ ነው ብለው ያምናሉ፤ ይህ እምነት እጅግ ያሳስበኛል። ዘንጉ የሚጠቅመው ለመብረቅና ለድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ ነው። አንድ ፌዝ የማሽን አካል ቢነካና ከረንቱ መመለሻው 25 ኦም ባለው አፈር በኩል ብቻ ቢሆን፣ በ120 ቮልት የሚያልፈው 4.8 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 20 አምፔር ብሬከር በዚህ አይወርድም፤ የማሽኑም አካል የሚነካውን ሰው እየጠበቀ ኃይል እንደያዘ ይቆያል። ብሬከሩን ወዲያው የሚጥለው ወደ ዋናው ቦርድ የሚመለሰው የመዳብ ኧርዝ ሽቦ ነው።

ሥራው ሲያልቅ፣ ኃይሉ እንደጠፋ፣ ከዋናው ቦርድ የሚመጣውን ኒውትራል ከባሩ ላይ ለጊዜው ያውጡና በሁለቱ ባሮች መካከል በኦም መለኪያ ይለኩ፤ ምንም ግንኙነት መታየት የለበትም። ከታየ ከጋራዡ መስመሮች በአንዱ ላይ ኒውትራልና ኧርዝ ተነካክተዋል ማለት ነውና መስመሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይፈልጉ። ኒውትራሉን መልሰው ካሰሩና ኃይሉን ካበሩ በኋላ ከባድ ማሽን እየሠራ ከዋናው ቦርድ በሚመጣው የኧርዝ ሽቦ ላይ የክላምፕ መለኪያ (ሽቦውን ከቦ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ይግጠሙ፤ ንባቡ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት።